የፓኬጅ ማኔጀሩ ዳታቤዝ ሲቆለፍ፦ መጠበቅ፣ ፕሮሰሱን መግደል ወይስ ፋይሉን ማጥፋት?

ሊኑክስ ላይ በፓኬጅ ማኔጀር (ፕሮግራሞችን በሚጭነውና በሚያድሰው መሣሪያ) ፕሮግራም ለመጫን ትዕዛዝ ጻፋችሁ፣ ኢንተር መታችሁ፣ «ዳታቤዙ ተቆልፏል» የሚል መልስ መጣ። መፍትሔ ስትጠይቁ አራት ሰው አራት ነገር ይነግራችኋል። አንዱ «ጠብቅ» ይላል። ሌላው «ፕሮሰሱን (እየሠራ ያለውን ፕሮግራም) ግደለው»። ሦስተኛው «የሎክ ፋይሉን አጥፍተህ ተገላገል»። አራተኛው «ሪስታርት አድርገው»። የሚገርመው፣ እያንዳንዱ ምክር ትክክል የሚሆንበት ቦታ አለው። ያለቦታው ሲገባ ግን አንዳንዱ የደቂቃ ጉዳይ የነበረውን ነገር የግማሽ ቀን ጣጣ ያደርገዋል።

ሎኩ (ቁልፉ) ራሱ ብልሽት አይደለም። ሁለት ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ ያንኑ ዳታቤዝ እንዳይጽፉ የቆመ ጥበቃ ነው። ስለዚህ «እንዴት ልስበረው?» ከማለት በፊት «ማን ያዘው?» ማለት ይቀድማል።

ከሁሉም በፊት፦ ችግሩ በእርግጥ ሎክ ነው?

መልእክቱን እስከ መጨረሻው አንብቡት። የዴቢያንና የኡቡንቱ ፓኬጅ ማኔጀር አፕት በቅንፍ ውስጥ ቁጥር ያስቀምጣል። ቁጥሩ 11 ከሆነ ሌላ ፕሮሰስ ሎኩን ይዞታል። 13 ከሆነ ፈቃድ የላችሁም ማለት ነው። ሱዶ (በአስተዳዳሪ መብት የሚያሠራውን ትዕዛዝ) ረስታችኋል፣ በቃ፣ ይህን ጽሑፍ መቀጠል አያስፈልጋችሁም። 30 ከሆነ ደግሞ ፋይል ሲስተሙ ለንባብ ብቻ ሆኗል። ይህ ብዙ ጊዜ የዲስክ ችግር ነው፤ ሎኩን መነካካት ምንም አይፈይድም። አልፓይን በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይም እንዲሁ ነው፦ «ዳታቤዙን መቆለፍ አልተቻለም» ካለ በኋላ የፈቃድ ጉዳይ ከጠቀሰ ሩት (የማሽኑ ዋና አስተዳዳሪ) አይደላችሁም፤ «ለጊዜው አይገኝም» ካለ ግን እውነትም ሌላ ፕሮሰስ ይዞታል።

መለኪያዎቹ

መንገዶቹን የምንመዝነው በአራት ጥያቄ ነው።

የመጀመሪያው፣ ከሁሉም የሚከብደው፦ ሎኩን የያዘው ፕሮሰስ በሕይወት አለ ወይስ ሞቷል?

ሁለተኛው፦ በሕይወት ካለ ምን ላይ ደርሷል? ፓኬጅ እያወረደ ከሆነ ቢቋረጥ የሚጎዳ ነገር የለም፤ እንደገና ያወርዳል። ፋይሎቹን እየፈታ ወይም እያዋቀረ ከሆነ ግን መቋረጡ ሲስተሙን መሃል መንገድ ላይ ይተወዋል። በተለይ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት)፣ ግራብ (ማሽኑን የሚያስነሣው) ወይም ሊብሲ (አብዛኞቹ ፕሮግራሞች የሚደገፉበት ላይብረሪ) ላይ ከደረሰ እጃችሁን ሰብስቡ።

ሦስተኛው፦ ፓኬጅ ማኔጀራችሁ የሚጠቀመው የሎክ ዓይነት የቱ ነው?

አራተኛው፦ ስንት ደቂቃ አላችሁ? ማሽኑስ ቢበላሽ ምን ያህል ይጎዳችኋል?

ሦስተኛውን ሰው ሁሉ ስለሚዘለው ትንሽ ልቆይበት።

ዴቢያን፣ ኡቡንቱና ሚንት ላይ ሎኩ ፋይሉ አይደለም። አፕት «/ቫር/ሊብ/ዲፒኬጂ/ሎክ-ፍሮንትኤንድ» የሚባለውን ፋይል ይከፍትና ከርነሉን «ይህን በስሜ ያዝልኝ» ይለዋል። መዝገቡ ያለው ከርነሉ ዘንድ ነው። ፕሮሰሱ ሥራውን ሲጨርስ፣ ሲሞት፣ ሲገደል ወይም መብራት ሲጠፋ ሎኩ ወዲያው ይለቀቃል። ባዶው ፋይል ግን እዚያው ይቀራል። ማንም ምንም ባይሠራም አለ። ስለዚህ ፋይሉን ማየታችሁ ምንም አይነግራችሁም።

አርች፣ ማንጃሮና ሌሎች ፓክማን የሚጠቀሙት ዘንድ ነገሩ ግልባጩ ነው። «/ቫር/ሊብ/ፓክማን/ዲቢ.ኤልሲኬ» የሚባለው ፋይል መኖሩ ራሱ ሎክ ነው። ፓክማን ሲጀምር ይፈጥረዋል፣ ሲጨርስ ያጠፋዋል። መሃል ላይ መብራት ከጠፋ የሚያጠፋው የለም። ኮምፒውተሩ ተነሥቶ ሳምንት ቢቆይም ዳታቤዙ እንደተቆለፈ ነው።

ሦስተኛው ቤተሰብ የም፣ ዲኤንኤፍና ዚፐር ናቸው (የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የፌዶራና የሬድ ሃት፣ ዚፐር የኦፕንሱዜ)። እነዚህ የፕሮሰሱን ቁጥር ፋይል ላይ ይጽፋሉ። ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥሩን ያነብና ባለቤቱ በሕይወት መኖሩን ያጣራል። ከሞተ ራሱ አልፎ ይሄዳል። ለተጠቃሚው ከሁሉም የሚመቸው ይህኛው ይመስለኛል፣ ማን እንደያዘውም በቁጥር ይነግራችኋል።

ማን እንደያዘው ማወቅ

አዳዲሶቹ የአፕት ስሪቶች ስሙንም ቁጥሩንም በመልእክቱ ውስጥ ያሳያሉ፦ «በፕሮሰስ 2417 ተይዟል» ዓይነት፣ ከጎኑም የፕሮግራሙን ስም። ካላሳየ አንድን ፋይል የትኛው ፕሮሰስ እንደከፈተው የሚነግረውን «ሱዶ ፊውዘር -ቪ» ብላችሁ የሎክ ፋይሉን ዱካ ጨምሩ። ኤልሶፍም ይሆናል። ሱዶውን ግን እንዳትረሱ። ያለ ሩት መብት ሁለቱም የሌላ ተጠቃሚ ፕሮሰስ ስለማያሳዩ ባዶ መልስ ታዩና «ማንም አልያዘውም» ብላችሁ ትሳሳታላችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ኡቡንቱ ላይ የፕሮሰሶችን ዝርዝር ስታዩ «አንአቴንድድ-አፕግሬድ-ሻትዳውን» የሚል ነገር ታገኛላችሁ፣ ከኋላው «ዌይት-ፎር-ሲግናል» የሚል ቃል ተከትሎት። ብዙ ሰው «ይኸው ያዝኩት!» ብሎ ይገድለዋል። እሱ ግን ምንም አልያዘም። ኮምፒውተሩ በሚዘጋበት ሰዓት የተጀመረ አፕዴት ካለ እንዲጠብቅ የተቀመጠ ዘበኛ ነው፤ ማሽኑ እስካለ ድረስ ይኖራል። ስም ዓይታችሁ አትፍረዱ። ፊውዘር የሚሰጣችሁን ቁጥር ብቻ ተከተሉ።

1ኛ መንገድ፦ መጠበቅ

ኮምፒውተሩ አሁን ከተነሣ፣ ያዡ አብዛኛውን ጊዜ የራስ-ሰር አፕዴቱ ነው። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ የዕለቱን ዝርዝር የሚያድስ ሰዓት ቆጣሪ አለ። ማሽኑ በሰዓቱ ጠፍቶ ከነበረ ልክ እንደተነሣ ያካክሳል። ጠዋት ላፕቶፕ ከፍተው ወዲያው አፕት የሚጠሩ ሰዎች ሎክ የሚገጥማቸው ለዚህ ነው።

መጠበቅ ማለት ግን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። ሌላ ተርሚናል ክፈቱና «ሱዶ ቴል -ኤፍ /ቫር/ሎግ/ዲፒኬጂ.ሎግ» በሉ። መስመር እየጨመረ ከሄደ ሥራ እየተሠራ ነው፣ ተዉት። ለአሥር ደቂቃ ምንም ካልጨመረ ወደ ሚቀጥለው መንገድ ሂዱ።

ደጋግሞ መሞከርም አያስፈልግም። ከ2020 ጀምሮ፣ ማለትም ከአፕት 2.0 ወዲህ፣ «አፕት» ተርሚናል ላይ ሲሠራ ሎኩ እስኪለቀቅ ራሱ ይጠብቃል። «አፕት-ጌት» ግን ወዲያው ተስፋ ይቆርጣል፤ «-ኦ ዲፒኬጂ::ሎክ::ታይምአውት=300» ብትጨምሩለት 300 ሰከንድ ይታገሣል። ዲኤንኤፍ ያለ ተጨማሪ ትዕዛዝ ይጠብቃል። ዚፐር «ዚፕ_ሎክ_ታይምአውት» የሚል ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል አለው፣ የአልፓይኑ ኤፒኬ ደግሞ «--ዌይት» የሚል አማራጭ። ፓክማን አይጠብቅም።

2ኛ መንገድ፦ ለያዘው መልስ መስጠት

ይህን መንገድ ጠቅሶ የሚመክር ሰው ብዙም አላይም። ብዙ ጊዜ ተንጠልጥሏል የሚባለው ፕሮሰስ አልተንጠለጠለም፤ እናንተን እየጠበቀ ነው። አንድ ቦታ የተረሳ ተርሚናል ውስጥ «ይህን የኮንፊግ ፋይል አንተ ቀይረኸዋል፤ የአንተን ላቆይ ወይስ አዲሱን ላስገባ?» ብሎ ቆሟል። ወይም የትኞቹ ሰርቪሶች ይነሡ እያለ ይጠይቃል። መልስ እስኪያገኝ ሎኩን አይለቅም፣ ቀኑን ሙሉም ቢሆን።

የተከፈቱ ታቦችን ፈትሹ። በፕሮሰስ ዝርዝሩ ላይ የተርሚናሉ ስም የሚጻፍበት ዓምድ አለ፤ የትኛው መስኮት ውስጥ እንዳለ ይጠቁማችኋል። በስክሪን ወይም በቲማክስ (ግንኙነት ቢቆረጥም ተርሚናሉን በሕይወት የሚያቆዩ ፕሮግራሞች) የጀመራችሁት ከሆነ ተመልሳችሁ ግቡበት። የሶፍትዌር ማዕከል መስኮት ከተከፈተም ዝጉት። ኦፕንሱዜ ላይ ፓኬጅኪት (የሶፍትዌር ማዕከሉ ከጀርባ የሚሠራበት አገልግሎት) ከያዘው ዚፐር ራሱ «ይውጣ ልበለው?» ብሎ ይጠይቃችኋል፤ «የስ» ማለት ብቻ ነው።

3ኛ መንገድ፦ በወግ ማስቆም

ያዡ በሕይወት አለ፣ ሎጉ አይንቀሳቀስም፣ የሚጠይቀው ጥያቄም የለም። እንግዲህ «ሱዶ ኪል» ብላችሁ ቁጥሩን ጻፉ። ያለ ምንም ተጨማሪ ቁጥር ሲጠራ ኪል 15ኛውን ሲግናል ነው የሚልከው፤ ፕሮሰሱ ሰምቶ፣ ያለበትን ሥራ አጠናቅቆ እንዲወጣ ዕድል ይሰጠዋል። የኡቡንቱው ራስ-ሰር አፕዴት ለዚህ ተዘጋጅቷል። ሥራውን በትናንሽ ክፍል ስለሚከፋፍል፣ ሲግናሉ ሲደርሰው የያዘውን ክፍል ጨርሶ ይወጣል። ስለዚህ ወዲያው ካልቆመ አትናደዱ። ጥቂት ደቂቃ ስጡት።

ዳውንሎድ ላይ የቆመ ከሆነ፣ ማለትም ኔትወርኩ ተቋርጦ ሰርቨር እየጠበቀ ከሆነ፣ ይህ መንገድ ያለ ምንም ጉዳት ያልፋል።

4ኛ መንገድ፦ በግድ መግደል

«ኪል -9» ፕሮሰሱን አያማክርም፣ ከርነሉ ይቆርጠዋል። 15 ተልኮ፣ ተጠብቆ፣ እምቢ ሲል ብቻ የሚመጣ ነው። ከዚያ በኋላ ጥገና የግድ ነው፣ ከታች አለ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። አፕት ሥራውን የሚያሠራው ፓኬጆቹን ራሱ የሚጭነውን ዲፒኬጂን በልጅነት አስነሥቶ ነው። አፕትን ብቻ በ9 ብትገድሉ ዲፒኬጂው ወላጁ ሞቶበት መሥራቱን ሊቀጥል ይችላል፣ የራሱን ሎክም ይዟል። «ገደልኩት፣ ግን አሁንም ተቆልፏል» የሚሉ ሰዎች ጉዳይ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ከገደላችሁ በኋላ «/ቫር/ሊብ/ዲፒኬጂ/ሎክ» በሚባለው ፋይል ላይ እንደገና ፊውዘርን ጥሩ።

በፕሮሰሱ የሁኔታ ዓምድ ላይ «ዲ» የሚል ፊደል ካያችሁ ደግሞ አትድከሙ። ዲስክ ወይም የኔትወርክ ድራይቭ እየጠበቀ ነው፣ 9ም አይሰማም።

5ኛ መንገድ፦ የሎክ ፋይሉን ማጥፋት

ምክሩ በስፋት የሚዞር፣ በቦታው የሚውለው ግን ጥቂት የሆነ መንገድ።

ፓክማን ላይ ትክክለኛው ሕክምና ነው። መጀመሪያ ሌላ ፓክማን፣ ፓማክ ወይም የመሳሰለው እየሠራ አለመሆኑን አረጋግጡ። ከዚያ «ሱዶ አርኤም /ቫር/ሊብ/ፓክማን/ዲቢ.ኤልሲኬ»። አለቀ። ፓክማን ራሱም በስህተት መልእክቱ ላይ ይህንኑ ነው የሚመክረው።

አፕት ላይ ግን ሁለት ዕድል ብቻ አለ። ያዡ ሞቷል፤ እንዲያ ከሆነ ከርነሉ ሎኩን ለቅቆታል፣ ማጥፋታችሁ ከንቱ ድካም ነው። ወይም ያዡ በሕይወት አለ፤ ያን ጊዜ የሚሆነውን ተመልከቱ። የድሮው ፕሮሰስ የጠፋውን ፋይል እንደያዘ ይቀጥላል። አዲሱ አፕት በዚያው ስም ሌላ ፋይል ይፈጥርና እሱን ይቆልፋል። ሁለቱም «እኔ ብቻ ነኝ» ብለው ያምናሉ። ሁለቱም አንዱን የፓኬጆች መዝገብ ይጽፋሉ። «አጠፋሁት፣ ሠራልኝ» የሚል ሰው ወይ ያዡ በመሃል ጨርሶለታል፣ ወይ አሁን ሁለት ጸሐፊ እያሠራ ነው። አፕት ላይ የሎክ ፋይል ማጥፋትን ለማንም አልመክርም።

በአርፒኤም (የፌዶራ፣ የሬድ ሃትና የኦፕንሱዜ የፓኬጅ ሥርዓት) በኩል የድሮ ማሽኖች ላይ አንድ የተለየ ጉዳይ አለ። ዳታቤዙ በርክሌይ ዲቢ በነበረበት ዘመን ፕሮሰሱ ሲገደል ዳታቤዙ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ አርፒኤም የሚባል ትዕዛዝ ሁሉ ድርቅ ይላል። መፍትሔው «/ቫር/ሊብ/አርፒኤም»ን በሙሉ ኮፒ ማድረግ፣ ስማቸው በሁለት የታችኛ ሰረዝና በዲቢ የሚጀምሩትን ፋይሎች ማጥፋት፣ ከዚያ «አርፒኤም --ሪቢልድዲቢ» ማለት ነው። ፌዶራ በ2020 ከ33ኛው ስሪት ጀምሮ ወደ ኤስኪውላይት ስለዞረ አዲስ ማሽን ላይ ይህ አይገጥማችሁም።

6ኛ መንገድ፦ ሪስታርት

ፓክማን ላይ አይረዳም፣ ፋይሉ ይቆያል። አፕትና ዲኤንኤፍ ላይ ሎኩን ያስለቅቃል፣ ግን ከርነል ወይም ኢኒትራምኤፍኤስ (ማሽኑ ሲነሣ መጀመሪያ የሚጫነው ትንሽ ሲስተም) እየተጻፈ ከነበረ ማሽኑ ላይነሣ ይችላል። ከድጡ ወደ ማጡ። ትክክል የሚሆነው ከላይ ባልኩት የ«ዲ» ሁኔታ ነው።

ማጠቃለያ ሰንጠረዥ

| መንገድ | ያዡ በሕይወት ካለ | ያዡ ከሞተ | የሚፈጀው ጊዜ | አደጋ | ጥገና ይፈልጋል? |
|---|---|---|---|---|---|
| መጠበቅ | የመጀመሪያ ምርጫ | ፓክማን ላይ ከንቱ | ከደቂቃዎች እስከ ግማሽ ሰዓት | የለም | አይፈልግም |
| ጥያቄውን መመለስ | ጥያቄ ካለ ምርጡ | አይመለከተውም | ጥቂት ደቂቃ | የለም | አይፈልግም |
| በወግ ማስቆም (15) | ሎጉ ከቆመ | አይመለከተውም | ጥቂት ደቂቃ | ዝቅተኛ | ማጣራት ይበቃል |
| በግድ መግደል (9) | 15 እምቢ ካለ ብቻ | አይመለከተውም | ሰከንዶች | ከፍተኛ | የግድ |
| ፋይል ማጥፋት፣ ፓክማን | ፈጽሞ | ትክክለኛው መንገድ | ሰከንዶች | ዝቅተኛ | አዎ፣ ተቋርጦ ከነበረ |
| ፋይል ማጥፋት፣ አፕት | ፈጽሞ | ጥቅም የለውም | ሰከንዶች | በጣም ከፍተኛ | አዎ |
| ሪስታርት | «ዲ» ላይ ሲሆን | አፕት ላይ አላስፈላጊ | ጥቂት ደቂቃ | እንደ ደረጃው | አዎ |

ከተቋረጠ በኋላ

አፕት ላይ መጀመሪያ «ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ»፣ ቀጥሎ «ሱዶ አፕት --ፊክስ-ብሮክን ኢንስቶል»። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። ዲፒኬጂ የሚሠራውን ደረጃ በደረጃ ስለሚመዘግብ በአብዛኛው ካቆመበት ይቀጥላል። መዝገቡ ራሱ ከተበላሸ «/ቫር/ሊብ/ዲፒኬጂ/ስታተስ-ኦልድ» የሚባል የቀድሞ ቅጂ ከጎኑ አለ፤ የቆዩ ቅጂዎች ደግሞ «/ቫር/ባክአፕስ» ውስጥ ይገኛሉ።

ፓክማን ላይ የተቋረጠውን አፕግሬድ ከጅምር ድገሙት፣ ያውም ሪስታርት ሳታደርጉ። ከርነሉ ተቀይሮ ኢኒትራምኤፍኤሱ ሳይሠራ ከተነሣችሁ ማስተካከል የምትችሉት በዩኤስቢ ገብታችሁ ነው። ዲኤንኤፍ ላይ «ዲኤንኤፍ ቼክ»፣ ዚፐር ላይ «ዚፐር ቬሪፋይ»፣ አልፓይን ላይ «ኤፒኬ ፊክስ» ያጣራሉ።

ለማን የቱ ይሻላል?

የግል ላፕቶፕ ከሆነ፦ ጠብቁ። ቡና ጠጥታችሁ ስትመለሱ አብዛኛው ጊዜ አልቋል። ቸኩላችሁ ከሆነ በወግ አስቁሙ፣ ከዚያ አትለፉ።

ሰው የሚጠቀምበት ሰርቨር ከሆነ 4ኛውንና 6ኛውን ከምርጫችሁ አውጡ። መግደል የግድ ከሆነ አስቀድማችሁ ስናፕሾት (የማሽኑን የአሁን ሁኔታ ቅጂ) ያዙ። የርቀት ግንኙነት ሲቆረጥ አፕዴቱ አብሮ እንዳይቆረጥም ሁልጊዜ በቲማክስ ውስጥ ጀምሩት።

ስክሪፕት ለምትጽፉ፦ ሎክ ሲገጥም ፋይል የሚያጠፋ መስመር በፍጹም አታስገቡ። ታይምአውት ስጡት። አንሲብል የምትጠቀሙ ከሆነ የአፕት ሞጁሉ «ሎክ_ታይምአውት» የሚል አማራጭ አለው። አዲስ የተነሣ የክላውድ ማሽን ላይ ደግሞ ከሁሉም በፊት የመጀመሪያ ውቅሩ እስኪያልቅ የሚጠብቀው «ክላውድ-ኢኒት ስታተስ --ዌይት» ይቅደም፤ የመጀመሪያው ግጭት የሚፈጠረው እዚያ ነው።

መብራት ጠፍቶበት የተነሣ የአርች ማሽን ከሆነ ማሰብ አያስፈልግም። ሌላ ፓክማን እንደሌለ እዩ፣ ፋይሉን አጥፉ፣ ሙሉ አፕግሬዱን ድገሙ።

የራስ-ሰር አፕዴቱ ሁልጊዜ በሥራ ሰዓት እየገባ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ሙሉ በሙሉ አትዝጉት፣ የሴኪዩሪቲ ጥገናዎቹ የሚመጡት በእሱ ነው። «ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ኤዲት አፕት-ዴይሊ-አፕግሬድ.ታይመር» ብላችሁ ሰዓቱን ለእናንተ ወደሚመች ቀይሩት። እዚያ ላይ አዲሱን «ኦንካሌንደር» ከመጻፋችሁ በፊት ባዶ «ኦንካሌንደር=» መስመር አስቀድሙ፤ አለዚያ የድሮው ሰዓት ሳይጠፋ በሁለቱም ሰዓት ይሠራል።